ይህ ቁጥቋጦ ስሙ ማን ነው?

በመንግሥት ሥራ ወይም በመምህርነት ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው፣ ገና ዕቃውን ከጭነት ሳያወርድ፣ ስሙን የማያውቀው ቁጥቋጦ በአዲሱ ግቢው ጥግ ቆሞ ይጠብቀዋል። ዘበኛውን ቢጠይቅ አንድ ስም ይነግረዋል፤ እንጨት ሻጭዋን ቢጠይቅ ሌላ ስም ትነግረዋለች፤ ሦስተኛው ሰው ደግሞ «እንጃ፣ ቅጠል ነው» ብሎት ያልፋል። ጠያቂውም ብዙ ጊዜ ነገሩን በዚያው ይተወዋል። ነገር ግን ይህ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። ብዙ ሰው ደክሞበታል፤ አንዳንዱም የሌላውን ድካም በራሱ ስም አስጽፎበታል። እኛም ዛሬ የዚህን ታሪክ ጥቂቱን፣ በተለይ የደብረ ታቦርንና የአካባቢዋን ደጋ የሚነካውን ክፍል፣ ለአንባብያን ልናቀርብ አስበናል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ መንገደኛ በደራ አገር የጉማራን ወንዝ ያገኛል። በዚሁ ወንዝ አጠገብ ወንዛዬ የሚባለው ፍል ውሃ አለ፤ ስሙ ለጆሮ ወንዙንም ዋንዛውንም ያስታውሳል። ቁርጥማት የያዘውም፣ ቆዳው የታመመበትም ከየአገሩ መጥቶ ይሰነብትበታል። እንዲህ ያለ ስፍራ ለስም ጠያቂ የተመቸ ገበያ ነው፤ ምክንያቱም ከጉና ሥር የወረደው ደገኛ፣ ዓባይን ተሻግሮ የመጣው ጎጃሜ፣ ከሩቅም የሸዋ ሰው ቢገኝ፣ አንዱን ቁጥቋጦ እያዩ በየአገራቸው ስም ይጠሩታል።

ለምሳሌ አንዱን እንውሰድ። ቁመቱ ከሰው ቁመት ጥቂት ይበልጣል፤ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ አበባው ነጭ ነው፣ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተደራርቦ ይወጣል፤ ንብም ይወደዋል። ከደብረ ታቦር ዝቅ ባሉት ወይና ደጋ ቀበሌዎች ስንቱ አጥር በእርሱ እንደታጠረ የሚያውቀው ያገሩ ሰው ነው። ቅርንጫፉን ቆርጦ በክረምት መግቢያ መትከል ብቻ ይበቃዋል፤ ከብትም እምብዛም ስለማይበላው አጥርነቱ ይጸናል። የአገር መድኃኒት አዋቂዎች ቅጠሉን የወፍ በሽታ ለያዘው ሰው ያዝዙታል። ጎንደርና ጎጃም ሰንሰል ይለዋል፤ ሸዋ ስሚዛ ይለዋል፤ የኦሮሞ ገበሬ ዱሙጋ ይለዋል። ስሞቹ ሦስት፣ ተክሉ አንድ ነው። ከሸዋ የተዛወረው ሹም በደራ አጥር ላይ እንግዳ ተክል ያየ ሲመስለው፣ የትውልድ አገሩን ስሚዛ ማየቱ ነው።

ያገራችን ገበሬ ያላወቀውን ቁጥቋጦ የሚመረምርበት የራሱ ሥርዓት አለው። ቅጠሉን አሽቶ ያሸተዋል፤ ቀንበጡን ሰብሮ ወተት መውጣት አለመውጣቱን ያያል፤ ልጡን ይልጣል፤ እሾሁን ይዳስሳል፤ ፍየል ትቀምሰው እንደሆነና እንዳልሆነም ያስታውላል። የዕፀዋት ሊቅ ደግሞ ወደ አበባውና ወደ ፍሬው ይሄዳል። የሰንሰል አበባ እንደ ተከፈተ አፍ የላይና የታች ከንፈር አለው፤ በውስጡ የሚገኙት ወንዴ ዘንጎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፍሬው ሲደርቅ በኃይል ተሰንጥቆ ዘሩን ይረጫል። በዚህ ምልክት ሊቁ የየትኛው ቤተ ዘመድ እንደሆነ ያውቃል። እንግዲህ ሁለቱም፣ ገበሬውም ሊቁም፣ የሚሠሩት ያልታወቀውን ከታወቀው ጋር ማመሳከር ነው። ልዩነታቸው ገበሬው የሚያመሳክርበት መዝገብ በራሱ ውስጥ መሆኑ፣ ሊቁ ግን የደረቀ ቅርንጫፍ በወረቀት ላይ ለጥፎ በሣጥን ማስቀመጡ ነው። የገበሬው መዝገብ ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

የአገራችን ዕፀዋት በዚህ በወረቀት መዝገብ መግባት በጀመሩበት ዘመን ብዙ መደናገር ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው የኮሶ ነገር ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ፣ በ1770 ጎንደር ገባ። ሥዕል የሚሥልለት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው አብሮት ነበር፤ እርሱም በ1771 በጎንደር ሞተ። ብሩስ መጽሐፉን በ1790 ባሳተመ ጊዜ የዕፀዋቱን ሥዕሎች አወጣ፤ የሠዓሊውን ድካም ግን አልመሰከረለትም። ለኮሶ ዛፍ ያወጣለት ስም ባንክስያ የሚል ነበር፤ ይኸውም ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ነው። ዳሩ ግን ይህ ስም አስቀድሞ ለአውስትራልያ ዕፀዋት ተሰጥቶ ስለነበረ ሊጸና አልቻለም። በ1791 ግሜሊን የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ በኮኒግስበርግ ያስተምር በነበረው በሃገን ስም ዛፉን ሃገኒያ አለው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን በ1820ዎቹ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ሳለ ከአንድ አርመናዊ እጅ የኮሶ አበባ አገኘ፤ የሆድ ትል እንደሚያወጣም አየ። የአበባውን ስብርባሪ ወደ ፓሪስ ይዞት ሄደ። ኩንት የሚባለው ሊቅ ያንን ስብርባሪ መርምሮ፣ አዲስ ዕፅ የተገኘ መስሎት፣ በሐኪሙ ስም ብራየራ ብሎ ሰየመው። ቅጠሉን አላየም፤ ዛፉን አላየም፤ የአገሩንም ሰው አልጠየቀም። ስለዚህ አንዱ ኮሶ፣ በጉና ተራራ ሥር ያለ እረኛ ሁሉ በአንድ ስም የሚጠራው ኮሶ፣ በአውሮጳ መጻሕፍት ሦስት ስም ይዞ ብዙ ዘመን ኖረ። በመጨረሻ የጸናው ሃገኒያ ነው፤ ከኋላው አቢሲኒካ የሚለው የብሩስ ቃል ተጨምሮበታል። እንዲህ አድርጎ የአንድ የኮኒግስበርግ መምህር ስም በጉና ላይ በቀለ።

ከብሩስ በኋላ ነገሩን በትዕግሥት የያዘው ሰው ጀርመናዊው ጊዮርግ ዊልሄልም ሽምፐር ነው። በ1804 ተወለደ፤ በአልጄርያ፣ በግብፅና በሲና ዕፀዋት ከሰበሰበ በኋላ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የመጣው ለጥቂት ጊዜ ነበር፤ ሆኖም 41 ዓመት ኖሮ በ1878 በዐድዋ ሞተ። ኢትዮጵያዊት ሴት አገባ። ደጃዝማች ውቤ ወደዱትና በትግራይ የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሰጡት። ዕፅ ለመልቀም መጥቶ አገር ገዥ የሆነ ሰው ከእርሱ በቀር አላየንም።

ሥራውን በገንዘብ የሚደግፈው በጀርመን አገር በኤስሊንገን ከተማ የተቋቋመ ማኅበር ነበር፤ መሪዎቹም ስቶይደል የሚባል ሐኪምና ሆክሽቴተር የሚባል ቄስ ነበሩ። የማኅበሩ አባሎች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ተጓዡ የአንዱን ተክል ብዙ ቅርንጫፍ ያደርቃል፤ ማኅበሩም ቅርንጫፎቹን በታተመ ካርድ እየለየ ለአባሎቹ ያከፋፍላል። ስለዚህ ከዐድዋ ተራራ የተቆረጠ አንድ ቁጥቋጦ በፓሪስም፣ በለንደንም፣ በበርሊንም፣ በጄኔቫም ይገኝ ነበር። እንደ ሽምፐር ያለ ሰው ከአገራችን የሚልካቸውን ዕፀዋት ሊቃውንቱ ሲሰይሙ፣ በቸርነት ይሁን በስንፍና፣ ብዙዎቹን በላኪው ስም ጠሯቸው። የእኛ ጦስኝ እንኳ፣ በሻይ ውስጥ የምንጨምረው፣ የሽምፐርን ስም ይዟል። ሰንሰልም እንዲሁ ነው። ሆክሽቴተር በካርዱ ላይ ሽምፐሪያና አለው፤ ኔስ የሚባለው ሊቅ በ1847 አዳቶዳ ከሚባለው ነገድ መደበው፤ ኋላ ደግሞ ወደ ጀስቲሺያ ተዛወረ። የመጀመሪያው ስሙ ሲለዋወጥ ሽምፐሪያና የሚለው አልተለወጠም። በደራና በፎገራ አጥር ላይ ያለው ሰንሰል በዓለም ፊት የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ሽምፐር በማስታወሻዎቹ የዕፀዋቱን የአገር ቤት ስም ይጽፍ ነበር፤ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳገኛቸውም በጫማ ለክቶ አስቀምጧል። ስሙን ግን ከራሱ አላመነጨውም። አንድ እረኛ፣ አንዲት ውሃ ቀጂ ወይም አንድ ደብተራ ነግሮታል። በካርዱ ላይ የሰብሳቢው ስም አለ፤ ቦታው አለ፤ ወሩም አለ። «ማን ነገረህ?» የሚል መስመር ግን የለም። በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ጉድለት ቶሎ ያየዋል፤ ላኪው ያልታወቀ ደብዳቤ ምን ያህል ጉዳይ እንደሚያበላሽ ያውቃልና።

ሽምፐር ወደ ደብረ ታቦር የደረሰው በደስታ አልነበረም። ጌታው ደጃዝማች ውቤ በ1855 በደረስጌ ጦርነት በዐፄ ቴዎድሮስ ድል ሆኑ፤ ሹመቱም አብሮ ወደቀ። በ1860ዎቹ በቤጌምድር፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ በነበረችው በደብረ ታቦርና በአጠገቧ ባለው በጋፋት ይኖር ነበር። ጋፋት ንጉሠ ነገሥቱ የአውሮጳ የእጅ ሠራተኞችን ያስቀመጡበት፣ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ በ1867 የፈሰሰበት መንደር ነው። አንባብያን ስለ ጋፋት መድፍ ብዙ ሰምተዋል፤ ስለ ጋፋት ቅጠል ግን እምብዛም አይነገርም። በዚያው መንደር ዙሪያ፣ ብረቱ እየቀለጠ፣ ይህ ያረጀ ሰው ቅርንጫፍ እየቆረጠ በወረቀት መካከል ይጫን ነበር። ዛሬ በለንደን መዛግብት ውስጥ «ቤጌምድር፣ ጋፋት» እና «ደብረ ታቦር» የሚል ካርድ የተለጠፈባቸው የሽምፐር ዕፀዋት ተቀምጠዋል። ክረምቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉምና ዝናም ስለሚፈራረቅባት ልብስ እንኳ ለማድረቅ ያስቸግራል። እርጥበት የነካው ቅርንጫፍ ይሻግታል፤ የሻገተውም አይታወቅም። ወረቀቱን ቀን በቀን እየለወጡ፣ እርጥቡን በእሳት አጠገብ እያደረቁ መክረም ያስፈልጋል።

በ1867 መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ሽምፐርም ከታሰሩት አውሮጳውያን ጋር ነበር። መቅደላ ሚያዝያ 13 ቀን 1868 በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ ነፃ ወጣ። ዕድሜው 63 ነበር። ሌሎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እርሱ ወደ ዐድዋ ተመለሰ።

አሁን ደግሞ ስምን አለማወቅ ወይም ማሳሳት ምን ያህል ጉዳት እንዳለው የሚያሳየውን ነገር እንመልከት። አጋምን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ጥቁሩን ፍሬ እየለቀመ ያላደገ የገጠር ልጅ አይገኝም። ምረንዝ የሚባል ሌላ ቁጥቋጦ ደግሞ አለ። የሁለቱም ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል፤ የሁለቱም አበባ ደስ የሚል ሽታ አለው፤ የሁለቱም ቀንበጥ ሲሰበር ወተት ያወጣል፤ የሁለቱም ፍሬ ሲበስል ይጠቁራል። ምረንዝ ግን መርዝ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ልጡን፣ እንጨቱንና ሥሩን ቀቅለው ፍላጻ ይቀቡበት ነበር፤ ይህም መርዝ የልብን ምት ያቆማል። አርኖ የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1888 ከዚህ ወገን የሆነውን መርዝ አጥርቶ አወጣ፤ ሶማሌዎች ለዛፉ ከሰጡት ስም ተነሥቶም ዋባይን ተባለ። በልክ ሲሰጥ ለልብ ሕመም መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል።

እንግዲህ ሽምፐር የላከው የምረንዝ ቅርንጫፍ ጄኔቫ ደረሰ። አልፎንስ ደ ካንዶል የሚባለው ታላቅ ሊቅ በ1844 ቅርንጫፉን መርምሮ ካሪሳ ከሚባለው ነገድ ቆጠረው፤ ካሪሳ ማለት አጋም ነው። ስሙንም የሽምፐር አጋም እንደ ማለት አደረገው። የፍላጻው መርዝ ከሚበላው ፍሬ ጋር በአንድ ሣጥን ተቀመጠ! አኮካንቴራ ወደሚባለው ወደ ራሱ ነገድ የተዛወረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ በሽዋይንፉርት ጊዜ ነው። ደ ካንዶልን ለመውቀስ አንቸኩልም፤ በፊቱ የነበረው የደረቀ ቅርንጫፍ ነው። ሆኖም ምረንዝ በሚበቅልበት አገር የሚኖር አንድ የፍየል እረኛ በአጠገቡ ቢኖር ኖሮ «ጌታዬ፣ እሾሁ የታለ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። አጋም ጥንድ እሾህ አለው፤ ምረንዝ የለውም። ለእረኛው ይህ የዕለት እንጀራው ጉዳይ ነው፤ ሲሳሳት የሚሞተው እርሱ ነውና።

ሊቃውንቱም ብልሃት ያደረጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቅርንጫፉን ማባዛታቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በመጋቢት 1943፣ የበርሊኑ የዕፀዋት መዝገብ ቤት በአየር ድብደባ ተቃጠለ። ከዚያ ውስጥ ከአገራችን የተወሰዱ ብዙ ዕፀዋት፣ የሽምፐርም ጭምር፣ አመድ ሆኑ። የኤስሊንገን ማኅበር ወንድሞቻቸውን በየከተማው ባያከፋፍል ኖሮ፣ ለስያሜ መሠረት የሆኑት ቅርንጫፎች ፈጽመው በጠፉ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላም ቢሆን በደብረ ታቦር ያለ አንድ መምህር በግቢው ያለውን ቁጥቋጦ ለማመሳከር ቢፈልግ ባሕር መሻገር ያስፈልገው ነበር።

ይህን ችግር ያቃለለው በ1959 በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተመሠረተው የዕፀዋት መዝገብ ቤት ነው። ዛሬ ብሔራዊ ሄርባሪየም ይባላል፤ በአራት ኪሎ ይገኛል፤ ከ80,000 የማያንሱ የደረቁ ዕፀዋት ተቀምጠውበታል። ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከስዊድንና ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት በ8 ክፍል መጽሐፍ ጽፈው ፈጸሙ፤ የተመዘገቡትም ወደ 6,000 የሚጠጉ ናቸው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ሰንሰል የሚገኝበትን ቤተ ዘመድ የጻፉት ደግሞ ፕሮፌሰር እንሰርሙ ቀልቤሳ ሲሆኑ፣ በ1990 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙትም በዚሁ በጀስቲሺያ ወገን ላይ ባደረጉት ጥናት ነው፤ ክፍሉ በ2006 ታትሟል። የሽምፐር ስም የወጣበት ቁጥቋጦ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በአገሩ ልጅ እጅ ተመረመረ። ከዚህ ሌላ ወልደ ሚካኤል ቀለቻ በብዙ ድካም የሰበሰቡት የዕፀዋት ስም መዝገብ አለ፤ በእርሱ አማካይነት ከአገር ቤት ስም ወደ ላቲኑ መሻገር ይቻላል።

በግቢያችን ያለው እንግዳ ቁጥቋጦ ሁሉ ግን የአገር ተወላጅ አይደለም። ሕዝባችን መጤውን በስሙ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ባሕር ዛፍ፣ የባሕር ማሽላ፣ የፈረንጅ ጥድ ሲል ከየት እንደመጣ ነግሮናል። የወፍ ቆሎ የሚባለው ባለ ኅብር አበባ ቁጥቋጦ ግን ስሙ ያገር ልጅ ያስመስለዋል። የመጣው ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች ነው። ለአበባው ውበት በየግቢው ይተከላል፤ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሜዳው ይበትኑታል። በአገራችን ምሥራቅ ብዙ የግጦሽ መሬት ወርሷል፤ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። ስሙ ወፉን እንጂ ከብቱን አላስታወሰም። ስለዚህ ይህን ተክል ለጌጥ ብሎ ወደ አዲስ አውራጃ የሚያዛውር ሹም ቢኖር፣ ከመትከሉ በፊት ስሙን ቢጠይቅ እንመክራለን።

አንድ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ይህን ሥራ ለመጀመር ቢያስብ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አሮጌ ጋዜጣ፣ ሁለት ሳንቃና አንድ ከባድ ድንጋይ። ቅርንጫፉ አበባና ከተቻለ ፍሬ ያለበት ይሁን፤ ቅጠል ብቻ የሆነውን መርማሪውም አይወደውም። የአበባው ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠፋ በዕለቱ ይጻፍ፤ ሽታውና ወተቱም እንዲሁ። ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጥ። ሁለት ቅርንጫፍ ማድረቅ ይሻላል፤ አንዱ ወደ አራት ኪሎ ይላካል፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ይቀራል። በካርዱ ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይሰፍራል። ከዚያ በታች ሽምፐር ያላስገባውን አንድ መስመር እንጨምርበታለን፤ ተናጋሪው ከፈቀደ፣ ስሙን የነገረው ሰው ማን እንደሆነና የየት አገር ሰው እንደሆነ ይጻፍ። «ሰንሰል፤ በወንዛዬ አጠገብ፣ ከአጥር ላይ፣ አበባው ነጭ፤ ስሙን የነገሩን…» ብሎ ተማሪው ብዕሩን ያነሣና ወደ ባልቴቷ ዞሮ ይጠይቃል።